ለተሸካሚዎቹ ሲል

መርሳ ላይ በዚያን ዘመን ቦርጭ አያሳፍርም ነበር። እንዲያውም ያስከብራል። ሰው ወፍራም ከሆነ ቤቱ ሙሉ ነው፣ ሚስቱ ባለሙያ ናት ማለት ነው፤ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ወይ ታሟል፣ ወይ ነገረኛ ነው፣ ወይ ሚስቱ ታስርበዋለች። በዚህ ከተሄደ ዘውዱን የሚቀድመው አልነበረም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ጨው፣ ላምባ፣ ስኳርና አቡጀዲ የሚሸጥባት ሱቅ አለችው። ከባንኮኒው ኋላ ሲቀመጥ ሱቋ እሱን ከውስጥ አስቀምጠው ዙሪያውን የሠሯት ትመስላለች። ዕቃ ሊያወርድ ሲነሣ ባንኮኒው አብሮት ይነቃነቃል፤ ደንበኛው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አንድ ቀን ክንዱን ጠቅልሎ ደሙን ከለካው በኋላ "ጋሽ ዘውዱ፣ ምግብ ይቀንሱ፣ በእግርዎም ይሂዱ፤ ልብዎ እየደከመ ነው" ብሎት ነበር። ዘውዱም "እሺ ወንድሜ" ብሎ ወጣና በዚያው ሥጋ ቤት ጎራ አለ። ልጁ ምን ያውቃል፣ እሱ ራሱ የሚያበላው ቢያገኝ እንዲህ አይልም ነበር ብሎ ለሚስቱ ለአሰለፈች ነገራት፤ አሰለፈችም ተስማማች። ሞት እንደሆነ ለሁሉም ነው፣ ዘውዱ ሞትን ያን ያህል አይፈራም። የፈራው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የመጣበት ወይዘሮ ደብሪቱ የተቀበሩ ለት ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ጠጅ ቤት የነበራቸው፣ ሲስቁ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጡ፣ እንግዳ የማያሳፍሩ ሴት ነበሩ። በውፍረትም ከዘውዱ የሚቀጥሉት እሳቸው ነበሩ። ያረፉት ሐምሌ እኩሌታ ላይ ነው፤ ምርጫ ቢኖራቸው ይህን ጊዜ አይመርጡም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው በላይ ዳገት ላይ ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ክረምት ሲገባ ሳሙና ነው። ቅሬው፣ ማለትም ሬሳ የሚሸከመውና የሚቀብረው የሰፈሩ ማኅበር፣ ጉልበት አለኝ ያለውን ወንድ ሁሉ ሰብስቦ ተነሣ። ዘውዱም ከፊት ገባ፤ ገና ዳገቱ ሳይጀመር ግን ትንፋሽ አጠረውና ትከሻውን ለሌላ ለቀቀ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ የኋለኞቹ አንሸራተታቸው፣ ቃሬዛው ወደ ጎን ዞረ፣ በሰሌን የተጠቀለሉት ወይዘሮ ደብሪቱም ወደ ገደሉ ማዘንበል ጀመሩ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን ትተው ጮኹ። አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በደረቱ ደግፎ መለሳቸው እንጂ በዚያ ቀን መርሳ ጉድ ታይ ነበር።

ከቀብር በኋላ ዘውዱ ትንፋሹን ሊሰበስብ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀመጠ። ከግንቡ ወዲያ ተሸካሚዎቹ ከእግራቸው ጭቃ እየፋቁ ያወራሉ። የመኪና ሜካኒኩ ተፈራ ድምፁ ጎላ ያለ ነው።

"የዛሬውንስ ተወጣነው" አለ ተፈራ። "ጋሽ ዘውዱ የሞቱ ለት ግን ወዮልን!"

"መኪና እናመጣለና!" አለ ሌላው።

"የምን መኪና? ይህን ዳገት ምን መኪና ይወጣዋል? እሳቸውንስ እዚያው ታች፣ ከድልድዩ አጠገብ ነው የምንቀብራቸው።"

ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ትከሻው የተላጠ ሰው የሚስቀው ሳቅ ነው። ዘውዱ ግን አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። እስከዚያ ቀን ቀብሩን ሲያስብ የሚታየው የተዘጋ ሱቅ፣ የሚያለቅስ ሕዝብ፣ ቆሞ ጡሩንባ የሚነፋ የጭነት መኪና ነበር። አሁን የሚታየው በጭቃ ላይ እየተንከባለለ ሲወርድና ሕዝቡ ከኋላው ሲሯሯጥ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጭንቀቱ አንድ ብቻ ሆነ፤ ቀኑ ሲደርስ ማንንም ሳያስቸግር፣ ራሱም ሳይዋረድ፣ በሰው ትከሻ ያን ዳገት መውጣት።

በማግስቱ ሙሄዲን ዘንድ ሄደ። ሙሄዲን የእህል ነጋዴና ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛው ነው፤ ከመጋዘኑ በር ላይ ጆንያ የሚመዝንበት ትልቅ የብረት ሚዛን አለው። ዘውዱ ነገሩን በሹክሹክታ ነገረው። ሙሄዲን እንባው እስኪመጣ ሳቀና ሚዛኑ ላይ አወጣው።

"ወላሂ፣ ማሽላ ብትሆን አንድ ጆንያ አይበቃህም ነበር!" አለው። "ኩንታሉን በደንብ አልፈሃል።"

"ስንት ብሆን ይሻለኛል?"

"ከኩንታል በታች ሁን። ከኩንታል በታች ከሆንክ አራት ሰው ያለ ጭቅጭቅ ያወጣሃል። አብሽር፣ በየገበያው ቀን እየመጣህ ትመዘናለህ፣ ለማንም አልናገርም።"

ዘውዱ መንገዱ ቀላል መሰለው። ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከጾም የበለጠ ምን ማክሻ አለ? በዚያ ዓመት ከቄሱ በላይ ጾመ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፉ አልዞረም። ዘጠኝ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ሲናፈቅ የዋለ ገበታ ይቀርባል፤ ሽሮው በኑግ ዘይት፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆው፣ የተልባው ወጥ። በባዶ ሆድ የዋለ ሰው መቼም እንጀራ አይቆጥርም። ከዚያ ደግሞ የፍልሰታ ዶሮ መጣ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እየኮራ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ከሐምሌው ብሶ ተገኘ።

"ሚዛንህ ታሟል" አለ ዘውዱ።

"ሚዛኔ ደህና ነው። እኛስ ብንሆን? ረመዳንን ጾመን ስንወጣ ወገባችን ቀበቶ አልበቃው ይላል እኮ። አላህ ጹሙ አለ እንጂ ሲመሽ የቀኑን አካክሱ አላለም።"

ዘውዱ ስምንት ቀን ያህል ተናዶ ከረመ። ከዚያ የገባው ነገር ገባው፤ የሚቀነሰው ሰዓቱ ሳይሆን እንጀራው ነው። ይህን ደግሞ ከአሰለፈች ገበታ ላይ መቀነስ ከዳገቱ ይከፋል።

አሰለፈች ባሏን በእጇ አወፍራ ለአገር ያሳየች ሴት ናት። ቀደም ብሎ እጁን ሲሰበስብ ጊዜ ደነገጠች።

"ምነው? ጨው በዛበት?"

"ጠገብኩ።"

"አንተ? አንተ ጠገብክ?" አለችና ከመሶቡ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። "በሞቴ!"

በሞቴ ተብሎ አፍ አይዘጋም፤ ጎረሰ። "አፈር ስሆን ድገም!" ደገመ። በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ጠነከረና አሰለፈች ዓይኗን አፍጥጣ "ማናት ክሳልኝ ያለችህ?" አለችው። ያኔ እውነቱን ነገራት፤ ደብሪቱን፣ ገደሉን፣ ከግንቡ ወዲያ የሰማውን። ከዚያ ቱግ አለች።

"በቁምህ ሬሳህን ትመዝናለህ? እኔ ታዲያ ከማን ጋር ነው የምኖረው?" ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። በማግስቱ ግን መሶቡን ትታ ምሳውን በትንሿ ሳህን አቀረበችለት። ቁጭ ብላ እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ ዓይኑ ወደ ጓዳ ሲሄድ አየችና "በሞቴ እንዳትደግም" አለችው። ባሏን አትብላ ያለችበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

የቀረው በእግር መሄዱ ነው። እሱም አስቸጋሪ ሆነ። በዚያ አገር ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም። ዘውዱ አንድ ማለዳ ከዘራውን ይዞ ወደ ውርጌሳ አቅጣጫ ቢነሣ፣ ገና ከከተማው ሳይወጣ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ቆመለት።

"ጋሽ ዘውዱ! በደህና ነው? ማን ሞተ? ኧረ ይግቡ፣ ላድርስዎት!"

እንዲሁ ልሂድ ብዬ ነው ቢል አበደ ይባላል። ገባ። ውርጌሳ ወረደ፤ እዚያ የሚያውቁት ሰዎች ቅቅል ሳይበላ አንለቅም አሉት። ሲመለስ ሌላ መኪና ጫነው። ሊራመድ የወጣ ሰው በመኪና ሄዶ፣ በመኪና ተመልሶ፣ በመሐል አንድ ጎድን በልቶ ገባ። ሙሄዲን ይህን ሲሰማ መጋዘኑ ውስጥ ሆዱን ይዞ ተንበረከከ።

መላውን ያገኘው ግን ከዚያው ከሾፌሩ አፍ ነው። ማን ሞተ? ለቅሶ የሚሄድን ሰው ለምን ትሄዳለህ የሚለው የለም። ስለዚህ ዘውዱ ለቃሚ ሆነ፤ የለቅሶ ለቃሚ። በሀብሩ ወረዳ ውስጥ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሁሉ ሰው ሞተ ሲባል ሱቁን ለአሰለፈች ትቶ በእግሩ ይሄዳል። ክርስቲያንም ይሁን እስላም አይመርጥም። ደርሶም ጋቢውን ተከናንቦ አይቀመጥም፤ ቃሬዛው ሥር ይገባል። መጀመሪያ አካባቢ ጥቂት እርምጃ ተሸክሞ ያለከልካል፣ ሰዉም "አይ የጋሽ ዘውዱ ደግነት፣ ሊሞት ነው ለኛ ሲል" ይላል። እያደር ትከሻው ጠነከረ። የማያውቁት ሽማግሌዎች በእግሩ መምጣቱን አይተው መረቁት፤ እሱም ምርቃቱን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ውስጥ ውስጡን ግን ሰው ሞቶ እንደሚያከሳው ያውቃልና ያፍር ነበር።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ያበላሉ። ይህም ሌላ ጣጣ። ግራና ከምትባለው መንደር ወዲያ ያለ ጀብሪል የሚባል ገበሬ አባቱ ሞቶበት ዘውዱ ጀናዛውን አብሮ ተሸከመ። ጀብሪል ደረተ ሰፊ፣ በሩን ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። ከቀብር መልስ አንድ ሰፌድ ንፍሮ ከነእንጀራው ፊቱ ላይ አስቀመጠ። ዘውዱ አንድ ጭብጥ ዘግኖ ተወ።

"ምነው?" አለ ጀብሪል። "አባቴን ቀብረው፣ ከቤቴ ሳይበሉ? ወላሂ አይሆንም!"

ፊቱ ጠቆረ፤ ያዘነ ሰው ደግሞ እንግዳ አልበላም ሲለው ኀዘኑ ይብሳል። ዘውዱ ሲጨንቀው "ስለት አለብኝ" አለ። "ስለቴ እስኪሰምር ከሰው ቤት ከአንድ ጭብጥ በላይ አልበላም ብያለሁ።"

ስለት ከተባለ ማንም በሞቴ አይል፣ ምን ብለህ ተሳልክ ብሎም አይጠይቅ። ጀብሪል አንገቱን ነቀነቀ።

"እንግዲያው ስለትዎ ሲሰምር እዚህ መጥተው ጠግበው ይበላሉ። ቃል ይግቡልኝ።"

"ቃሌ ነው።"

"እኔም ምስክር ነኝ" አለች የጀብሪል ሚስት ረሂማ ከጓዳው በር ላይ።

ዘውዱ ዋሽቶ ተገላገለ፤ ግን በስለት መዋሸት መንገዱን ሙሉ ከነከነው። ስለዚህ በማግስቱ ዳገቱን ወጥቶ እውነተኛ አደረገው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ "ቀላል ሬሳ አድርገኝ፣ ጃንጥላ አገባለሁ" ብሎ ተሳለ። ልጅ ስጠኝ፣ ከብት ስጠኝ ሲባል በኖረበት ደጅ እንዲህ ያለ ልመና ተሰምቶ አያውቅም።

ዓመታቱ በዚህ ሄዱ። አልሰነፈም ማለት አይደለም። ሠርግ በበዛበት ጥር ትንሿ ሳህን ትረሳለች። ወልድያ ዕቃ ሊያመጣ በሄደ ቁጥር አሰለፈች እንዳታይ ክትፎ ያዛል፤ ሙሄዲን ግን ከሚዛኑ ያውቅበታል። አንዳንዴም "ምን አገባኝ፣ ከሞትኩ በኋላ እንደፈለጉ ያድርጉኝ!" ብሎ አንድ ወር ሙሉ ይበላል። ከዚያ የሆነ ለቅሶ ይመጣና ዳገቱ ላይ ደብሪቱ ያዘነበሉባትን ቦታ ሲያይ ምግብ ይጠላል። ለተፈራ የሰማውን አንድም ቀን አልነገረውም። ሃምሳ ስድስት ቁጥር የነበረው ወገቡ... እንዲያው ይቅር፤ ብቻ ሱሪውን ሁለት ጊዜ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ አስጠበበው። ከተማው ታዲያ ይህን እንደ ደህና ነገር አላየውም። ሳንባ ነው አሉ፣ ከሰረ አሉ፣ አሰለፈችን በር ላይ አቁመው "እግዜር ይማረው" አሏት። ተፈራ ብቻ አንድ ቀን ከቀብር ሲመለሱ "ጋሽ ዘውዱ፣ አሁንማ እኔ ብቻዬን እሸከምዎታለሁ!" አለው። ዘውዱ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግን አሁንም ኩንታሉን በጥቂት ያልፋል። "አንዲት ቁና ቀረችህ" ይለዋል ሙሄዲን።

ያቺ ቁና ሳትራገፍ ስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ገባ። በልጉ ቀረ። ክረምቱም ደመና አሳይቶ ሄደ። ማሽላው ክንድ ሳይሞላ ደረቀ። በሙሄዲን መጋዘን ጆንያው እያነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሚዛኑ ባዶውን ቆመ፤ የሚመዘን ጠፋ። ከቆላው ሰው ከነልጁ፣ ከነምንጣፉ ወደ አውራ ጎዳናው ይወጣ ጀመር። ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል። ዘውዱ ለቅሶ ፍለጋ መሄዱን ተወ፤ ለቅሶው ራሱ መጣ። የሚያለቅስም አልነበረውም። ቅሬው የማያውቀውን ሰው እየቀበረ ዋለ።

አሰለፈች ትንሿን ሳህን ከሰቀለች ቆየች። ሱቁ ውስጥ የተረፈውን ባቄላና ማሽላ በትልቁ ድስት እየቀቀለች ለግድግዳው ሥር ሰዎች በጣሳ ታድላለች። ያቺ እጅ ሰው ማጥገብ ትወዳለች፤ አሁን ግን ለአንዱ የሰጠችው ለሌላው አልደርስ እያለ ስታለቅስ ትውላለች። ዘውዱም ከድስቱ ጥቂት ይቀምሳል፤ ስለ ኩንታሉም ስለ ስለቱም ካሰበ ወራት ሆነው።

ስድሳ ስድስት በገባ፣ በጥቅምት፣ አንድ ማለዳ ሙሄዲን ሱቅ መጣ። ሰላምታም አላስቀደመም።

"ጀብሪልን ታስታውሰዋለህ? የግራናውን?"

"እንዴት አላስታውሰውም! አባቱን ቀብረናል።"

"ትናንት ከነሚስቱና ከነልጁ ከኔ ግድግዳ ሥር ደርሷል። እኔም አላወቅሁትም። ጧት ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ ሞቷል። ከፈን ስጠኝ።"

ዘውዱ አቡጀዲውን ዘረጋ። ያን በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ሰው እያሰበ፣ እንዳያጥረው ብሎ ጨምሮ ቀደደ። ሬሳውን ያጠቡት ሰዎች ግማሹን መለሱለት፤ "ተርፏል፣ ለሌላ ይሆናል" አሉት።

ዘውዱና ተፈራ ከፊት፣ ሙሄዲንና አንድ ጎረምሳ ከኋላ ያዙ። ዘውዱ እንደለመደው ጉልበቱን አጸና፣ ጥርሱን ነከሰ። "ቢስሚላህ" ሲባል እኩል ብድግ አደረጉት፤ ቃሬዛው ካሰቡት በላይ ተወርውሮ ከራሳቸው በላይ ወጣና ወደ ጎን ሊያዘነብል ሲል ተፈራ በእጁ ያዘው። እስከ መቃብሩ ትከሻ የለወጠ የለም፤ የደከመውም የለም። ያን ሁሉ ዓመት ሲመኘው የኖረው ቅለት ይኸው ትከሻው ላይ ነበር። ዘውዱ መንገዱን ሙሉ አለቀሰ፤ እንባውን የሚጠርግበት ነፃ እጅ ነበረው።

ሲመለሱ ረሂማ ከግድግዳው ሥር ልጇን ለይላን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከፊቷ አሰለፈች የሰጠቻት ንፍሮ በጣሳ አለ። ዘውዱ ጎንበስ ብሎ "አላህ ያጽናሽ" አላት። ቀና ብላ አየችው፣ ቆይታ አወቀችው። ጣሳውን አነሣች።

"ቀባሪ ሳይቀምስ አይሄድም" አለች።

"ለልጅቷ ይሁን፣ እኔ..." አለና ያ የለመደው ቃል አፉ ላይ መጣ።

"ስለትዎ ገና ነው?"

ዘውዱ ከበሩ ላይ ባዶውን የቆመውን ሚዛን አየ። መውጣት አላስፈለገውም።

"ሰምሯል" አለ።

"እንግዲያው ቃልዎን እኔ ሰምቻለሁ። በጀብሪል ሞት ይብሉ።"

ሁለት እጁን ዘረጋ። የሰጠችው አንድ ጭብጥ አይሞላም። ቆሞ አልበላም፤ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ፍሬውን አንድ አንድ እያደረገ እስከ መጨረሻው በላ። ልጅቷ ታየዋለች።

"ጠገቡ?" አለችው ረሂማ።

"ጠገብኩ" አለ ዘውዱ።